ከሳሎን እስከ ማድ ቤት

ከሚሴም ሆነ ባቲ ለጥገና ስጠራ፣ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ የሚቀበለኝ ቃል አንድ ነው፦ «ኢንተርኔቱ አስቸገረን።» ስፒከሮቹን ውጭ አገር ያለ ልጅ ወይም ወንድም ልኳቸዋል፤ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ መኝታ ቤት፣ አንዱ ከጓሮ ካለው ማድ ቤት ተቀምጧል። ሳሎን የተከፈተው መንዙማ ማድ ቤትም እኩል እንዲሰማ ነበር የታሰበው። ማድ ቤት ሲደርስ ግን ይቆራረጣል፤ አንዳንዴም ስፒከሩ ከስልኩ ላይ ከነጭራሹ ይጠፋል። እኔ ታዲያ ከውጭ የሚገባውን መስመር ከመጠርጠሬ በፊት ግቢውን ዞሬ አያለሁ። ድምፁ ከክፍል ክፍል የሚሄደው በቤቱ የውስጥ ኔትወርክ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸውም እሱ ነው።

«ፍጥነቱን ላሳድገው እንዴ?» ለሚለኝ ሰው ገንዘቡን እንዲቆጥብ እነግረዋለሁ። የሲዲ ጥራት ያለው ሙዚቃ እንኳ በሰከንድ 1.4 ሜጋቢት ገደማ ነው የሚፈልገው። ጭንቁ ሌላ ነው፦ ድምፁ ሁሉም ስፒከር ጋ በሰዓቱ መድረስ አለበት። ሶኖስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2005 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ምርቱን ሲሸጥ አንዱ መሣሪያ በኬብል ከራውተሩ ይገናኝና የቀሩት በራሳቸው መረብ እርስ በርስ ይቀባበሉ ነበር። ነገሩን በሚገባ አስበውበታል።

አንድ ግቢ ውስጥ ችግሩ የሚነሳው ሁልጊዜ መብራት ሄዶ ሲመጣ ነበር። እመቤቲቱ «መብራት ከመጣ በኋላ አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን እምቢ ይላል» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ፍንጭ አልነበረም። ስልካቸውን ተቀብዬ የዋይፋዩን ዝርዝር ከፈትኩ። ሳሎን ውስጥ የስልኩ አይፒ አድራሻ በ192.168.1 ይጀምራል። ዋይፋዩን አጥፍቼ ማድ ቤቱ በር ላይ ስከፍተው በ192.168.0 ሆነ። ስሙ ያው፣ ፓስወርዱ ያው፣ ኔትወርኩ ግን ሌላ! ለካ ዋይፋዩ ጓሮ እንዲደርስ ብለው ሁለተኛ ራውተር ገዝተው በመጀመሪያው ስምና ፓስወርድ ሞልተውታል፤ ሁለቱም አድራሻ ያድላሉ። መብራት ሲመጣ እያንዳንዱ ስፒከር ቀድሞ የተነሳውን ይይዛል። ስልኩ በአንደኛው ላይ ከሆነ በሌላኛው ላይ ያለው ስፒከር አይታየውም። የሁለተኛውን ራውተር አድራሻ፣ ዋናው ከሚያድላቸው ውጭ መሆኑን አይቼ፣ 192.168.1.2 አደረግሁት፤ አድራሻ ማደሉንም አጠፋሁበት። ኬብሉን ዋን ከሚለው ቀዳዳ ነቅዬ ላን የሚለው ላይ ሰካሁት። ከዚያ የቤቱን ብሬከር አጥፍተን መልሰን አበራን፤ ሦስቱም ስፒከሮች ስልኩ ላይ ተደረደሩ።

ለዚህ ነው ገና ሲገባ ሪሴት ለመጫን የሚቸኩል ባለሙያ የማይዋጥልኝ። ሪሴት ፍንጩን ያጠፋል፤ ይባስ ብሎ የመስመሩ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ አብሮ ሊሰረዝ ይችላል። ወረቀቱን ያላስቀመጠ ቤተሰብ ሙዚቃ አምሮት ኢንተርኔቱንም አጥቶ ያድራል። የሰው ቤት ገብቶ እንዲህ ማድረግ ነውር ነው።

ደሴ ላይ ብዙም የማያሳስበኝ ሙቀት ከሚሴ ላይ ከባድ ጉዳይ ነው። ልጆች እንዳይነኩት ተብሎ ከኮርኒስ በላይ የተሸጎጠ ራውተር፣ ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል ይቆራረጣል ወይም ራሱን ያጠፋል፤ ማታ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ይሠራል። ስለዚህ «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያስቸግረው?» ማለትን አልተውም።

ከሁሉም የሚከብደው ግድግዳው ቆርቆሮ የሆነ ማድ ቤት ነው። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሞገድ በብሎኬት ግድግዳም ቶሎ ይደክማል፤ ለጓሮ 2.4 ይሻላል። እሱ ላይ ግን ጎረቤቱ ሁሉ አለ፤ እርስ በርስ ሳይነካኩ አብረው የሚሠሩትም ቻናል 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ቆርቆሮ ሞገዱን ስለሚመልሰው ቻናል መቀያየር ብቻውን አያድንም። እዚያ ኬብል በፕላስቲክ ቱቦ ቀብሮ ሁለተኛውን ራውተር ማድ ቤቱ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። «ገመድ አልባ ነው ተብሎ አይደል እንዴ የተላከልን?» ይሉኛል የቤቱ ባለቤት ሐጂ። ስፒከሩስ ገመድ አልባ ሆኖ ይቀራል፣ ገመድ የሚፈልገው ራውተሩ ነው እላቸዋለሁ፤ ቦዩ የሚያልፍበትንም ቦታ አብረን እንለካለን።