ከበሮ መቺ የሌለው ባንድ

ያንግ ማርብል ጃየንትስ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ዌልስ ውስጥ፣ ካርዲፍ ከተማ የተመሠረተ ባንድ ነው። ስቱዋርት ሞክስሃም ጊታርና ኦርጋን፣ ወንድሙ ፊሊፕ ቤዝ ጊታር ይጫወቱ ነበር፤ አሊሰን ስታተን ትዘፍን ነበር። በዚያ ዘመን ያወጡት ሙሉ አልበም አንድ ብቻ ነው፤ ራፍ ትሬድ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ በ1980 ያወጣው «ኮሎሳል ዩዝ»። ብዙም ሳይቆዩ ተበተኑ።

ወቅቱ የፐንክ ጩኸት ገና ያልበረደበት ነበር። እነሱ ግን ከዘፈኑ ላይ መቀነስ ያዙ። ከበሮ መቺ እንኳ አልነበራቸውም፤ አንድ ዘመዳቸው የገጣጠመውን ድራም ማሽን ምት በካሴት ቀድተው መድረክ ላይ ያጫውቱት ነበር። ምቷ ቀጭን ናት፤ ጆሮ ካልሰጧት ታመልጣለች። ዘፈን ልትሸከም ስለማትችል ሸክሙ ለሌሎቹ ተከፋፈለ፤ የእጅ ሥራቸው የሚታየውም እዚህ ላይ ነው።

ስቱዋርት የመዳፉን ጠርዝ ክሮቹ ላይ አሳርፎ ነው የሚመታው። ድምፁ ሳይጎተት እዚያው ይቆረጣል፤ ጊታሩ በከፊል ከበሮ ሆነ ማለት ነው። ዜማው ደግሞ ለቤዙ ተለቀቀ። በሌላው ባንድ ቤዝ ከሥር ሆኖ ይደግፋል እንጂ ማን ያንጎራጉረዋል? የፊሊፕን ግን ዘፈኑ ካለቀ በኋላም ስታንጎራጉሩት ራሳችሁን ታገኙታላችሁ። ነጭ ነጠላ ላይ እንዳረፈ ጥለት ነው፤ ዙሪያው ባዶ ስለሆነ ቀለሙ ይጎላል። ባዶ ቦታ ደግሞ ምሕረት የለውም፤ አንዲት ጣት ብትዘገይ የሚሸፍንላት ሌላ ድምፅ የለም።

በእኛ ዘንድ ድምፃዊ የሚመዘነው በቅላጼው ስለሆነ፣ አሊሰንን ስንሰማ መጀመሪያ ላይ የጎደለ ነገር ያለ ይመስለናል። ድምጿን አታርገበግብም፣ አትጮህም፣ አታለቅስም። «ፋይናል ዴይ» የተባለው ነጠላ ዜማ የኑክሌር ጦርነት ስለሚያመጣው የዓለም ፍጻሜ ነው፤ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አንድ ቀጭን ድምፅ ከጀርባ ሳይቋረጥ ያፏጫል፤ እሷ የተራ ቀን ወሬ የምታወራ ያህል ረጋ ብላ ትዘፍናለች። የሚያስፈራው መረጋጋቷ ነው። ያለ እሷ የሠሯቸው የመሣሪያ ብቻ ቅንብሮች ደስ ቢሉም፣ ለእኔ የሷን ያህል አይዙም።

የኒርቫናው ከርት ኮቤይን አልበሙን ከሚወዳቸው ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ አስፍሮታል። ሆል የተባለው ባንድ ደግሞ በ1994 ከዚሁ አልበም «ክሬዲት ኢን ዘ ስትሬት ወርልድ» የተባለውን ዘፈን በሚያስገመግም ጊታር ዳግም ተጫውቶታል። ሁለቱን አከታትሎ መስማት ነው፤ የሆል ኃይለኛ ነው፣ የመጀመሪያው ግን ጭንቀቱን አምቆ ስለያዘው ይበልጥ ይጨንቃል።

አዲስ ሰሚ አልበሙን ከመክፈቻው፣ ከ«ሰርቺንግ ፎር ሚስተር ራይት» ቢጀምር ይሻላል። በስልክ ስፒከር ግን አይሆንም፤ ቤዙ ይጠፋል።