ለፋይናንስ ሙያ ፈተና የሒሳብ መኪና አመራረጥ

ለፋይናንስ ተንታኞች የሚሰጠው የሲ.ኤፍ.ኤ. ፈተና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ ዛሬ ተፈታኞች ይዘው እንዲገቡ የሚፈቀድላቸው የሒሳብ መኪና ከሁለት ዓይነት አይበልጥም። እነዚህም የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቢ.ኤ. 2 ፕላስና የሂውሌት ፓካርድ 12ሲ፣ ከየራሳቸው ተጓዳኝ ሞዴሎች ጋር ናቸው። ምርጫው ጠባብ በመሆኑ ቀላል ይመስላል። ሆኖም ለተፈታኞች የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ በዋጋ፣ በዝናና በፍጥነት ላይ ብቻ ስለሚያተኩር ዋናውን የትምህርት ጉዳይ ይዘነጋል።

ሁለቱ መኪናዎች በቅድሚያ የሚለያዩት በአሠራር ሥርዓታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ የቀረበው 12ሲ የእኩል ምልክት ቁልፍ የለውም፤ ቁጥሮቹ ቀድመው ይገባሉ፣ የስሌቱ ምልክት ይከተላል። በመሆኑም የስሌቱን ቅደም ተከተል የሚወስነው ተጠቃሚው ራሱ ነው። ቢ.ኤ. 2 ፕላስ በአንጻሩ ተማሪው በትምህርት ቤት ከለመደው አጻጻፍ ጋር ይቀራረባል። ይሁን እንጂ መቀራረቡ ሊያዘናጋ ይችላል። መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ 2+3×4 ቢጻፍለት የሚሰጠው መልስ 14 ሳይሆን 20 ነው። ማባዛት ከመደመር ይቀድማል የሚለውን ሕግ የሚጠብቀው ተጠቃሚው የአሠራር ስልቱን ሲለውጥለት ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ይበልጥ ስውር ነው። 10 በመቶ ወለድ በየዓመቱ መጨረሻ እየተደመረበት 1000 ዶላር በስንት ዓመት 2000 ዶላር ይሆናል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ቢ.ኤ. 2 ፕላስ 7.27 ሲል 12ሲ 8 ይላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ 12ሲ የጊዜውን ብዛት ወደሚቀጥለው ሙሉ ቁጥር እንዲያሳድግ ሆኖ የተሠራ ነው። ከዚህም በላይ ሁለቱም መኪናዎች የቀድሞውን ጥያቄ ቁጥሮች ይዘው ስለሚቆዩ፣ ሳይጠፋ የቀረ የክፍያ መጠን አዲሱን መልስ ያበላሻል። መኪናው ግን ስሕተቱን አያስታውቅም።

ስለሆነም አንዱን መኪና በደፈናው የተሻለ ነው ማለት አያስኬድም። የትምህርት ቤቱን አጻጻፍ የለመደ ጀማሪ ቢ.ኤ. 2 ፕላስን ቢመርጥ ድካሙ ይቀንስለታል፤ በሥራው 12ሲን የለመደም ለፈተናው ሲል የሚለውጥበት ምክንያት የለም። ዋናው ቁም ነገር ምርጫው አስቀድሞ ተወስኖ ልምምዱ ሁሉ በዚያው መኪና እንዲካሄድ ማድረግ ነው።

የመምህሩ ኃላፊነት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የቁልፎችን ተራ ማስጠናት ማስተማር አይደለም። 72ን ለወለዱ መጣኝ በማካፈል ገንዘብ በእጥፍ የሚያድግበትን ጊዜ መገመት ይቻላል፤ ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ግምቱ 7.2 ይሆናል። ይህን ግምት አስቀድሞ የያዘ ተማሪ 8 የሚለውን መልስ ሲያይ ምክንያቱን ይመረምራል፤ ግምት የሌለው ግን ያየውን ገልብጦ ያልፋል። ሥርዓተ ትምህርት የሚነድፉ ባለሙያዎችም ለመኪናው ግዥ ከሚያስቡት ባልተናነሰ በእጅ ገምቶ መልስን ለማመሳከር የሚያስችል ጊዜ ሊመድቡ ይገባል።