ቀስቱ ሲቅበዘበዝ

«ጋሼ፣ እስቲ ቤትዎ እንደሚሠሩት ይሥሩበት» አለችኝና ወንበሯን ወደ ኋላ ስባ እጆቿን አጣጠፈች። ካቻቢቴዎቿ በቁመታቸው ተደርድረው ከፊቷ ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውንም አልነካችም። የምታየው ጣቴን ነው። ሳምንት ሙሉ እንደ ፌንጣ ሲዘልብኝ የከረመው የላፕቶፔ ቀስት ደግሞ እዚያ ሲደርስ ጭምት ሆኖ አረፈው። ሕመሙ ሐኪም ቤት በር ላይ እንደጠፋበት ሰው አፈርኩ።

እሷ ግን አልሳቀችም። «ቤት ሲሆን ቻርጀር ተሰክቶ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከእሷ በፊት ሁለት ቦታ ሄጃለሁ። በሁለቱም ፍርዱ የተሰጠው ላፕቶፑ ከቦርሳ ሳይወጣ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም፦ «ታችፓዱ ሞቷል፣ ይቀየራል።» ይህችኛዋ የምትሠራው ከቦሌ መድኃኔዓለም ብዙ በማይርቅ ፎቅ ላይ፣ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ኮሪደር ላይ በሚቆምበት ክፍል ውስጥ ነው። ዕድሜዋ ከመጨረሻ ልጄ ብዙ አይበልጥም።

ፔይንትን ከፈተችና በጣቴ ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ ሰያፍ መስመር እንዳሰምር ነገረችኝ። «በጣም ቀስ ብለው፤ ቀንድ አውጣ ይሁኑ።» በባትሪ ያሰመርኩት ንጹሕ ወጣ። ከዚያ ቻርጀሬን ተቀብላ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ሰካችው፤ ሁለተኛው መስመርም እንደ መጀመሪያው ሆነ። ነቅላ ጠረጴዛዋ ሥር ወዳለ አሮጌ ዲቫይደር አዛወረችው። ሦስተኛው መስመር የመጋዝ ጥርስ ሆነ። ያው ጣት፣ ያው ላፕቶፕ፣ ያው ቻርጀር። ሦስቱን መስመሮች ጎን ለጎን ሳያቸው ሁለት ጥገና ቤት ያላየልኝን ነገር በሕፃን ሥዕል እንዳሳየችኝ ገባኝ።

ዲቫይደሩ ኧርዝ የለውም። እንዲህ ላለው ፈተና ብላ ነው ያልጣለችው። እኔም ቤቴ ባለ ሦስት እግሩን ቻርጀር በአዳፕተር አድርጌ ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት ላይ ነው የምሰካው፤ ሦስተኛው እግር ለጌጥ የተሠራ ይመስል። ቻርጀር ውስጥ የኤሌክትሪክ ረብሻን ወደ መሬት የሚያወርዱ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ የሚያወርዱበትም መንገድ ያ ሦስተኛው እግር ነው። መንገዱ ሲቆረጥ ረብሻው መሄጃ ያጣና ላፕቶፑ ገላ ላይ ይንሳፈፋል። አካሉ ብረት የሆነ ላፕቶፕ ቻርጅ ላይ ሳለ አንዳንዴ ክንድ የሚነዝረው በዚሁ ምክንያት ነው። ጣት ታችፓዱ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ረብሻው በሰውየው በኩል መሬት ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ታችፓዱንም ማድነቅ ይገባል፤ የተበሳጨሁት በስስነቱ ነውና። ከላይኛው ገጽ ሥር ያለውን ነገር ሸማኔ ቢያየው ወዲያው ያውቀዋል፤ ድርና ማግ ነው። በቁመትና በአግድም የተዘረጉ ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ናቸው፣ ብዙ ጊዜ በ5 ሚሊሜትር ገደማ የተራራቁ። ጣት ሲያርፍባቸው በየመገናኛቸው ያለው ካፓሲታንስ ይለወጣል። ለውጡ ከ1 ፒኮፋራድ ያነሰ ነው፤ ፒኮፋራድ ማለት ደግሞ አንድ ፋራድ ለትሪሊዮን ሲካፈል የሚደርሰው ነው። ከሥሩ ያለችው ቺፕ ይህችን ኢምንት ለውጥ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ያህል ትለካለች።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው። 5 ሚሊሜትር የተራራቁ መስመሮች ጣትን ከሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ባነሰ ልዩነት እንዴት ያገኙታል? ዘዴው ጣት ሰፊ መሆኑ ላይ ነው። ሁልጊዜ ሁለት ሦስት መስመር ላይ ያርፋል፤ ቺፗም ከየመስመሩ የደረሳትን ድርሻ መዝና የጣቱን እምብርት ታሰላለች። ጉድለት የሚመስለውን የጣት ውፍረት ለመለኪያነት አዋሉት ማለት ነው። ሚዛኑ ውስጥ ረብሻ ሲገባ እምብርቱ ይዋልላል፣ ቀስቱም ይንቀጠቀጣል። እርጥብ ጣትና የወጥ ቅባትም ይህንኑ ሚዛን ያዛባሉ፤ በምበላበት እጅ ስለመሥራቴ ጠይቃኝ ነበር፣ ዋሸኋት።

ታችፓድን ገበያ ላይ ካዋሉት አንዱ ፌዴሪኮ ፋጂን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣውን ኢንቴል 4004 የነደፈው ጣሊያናዊ። እ.ኤ.አ. በ1986 ከካርቨር ሚድ ጋር ሲናፕቲክስን ሲመሠርት የተነሡበት ሐሳብ የነርቭን አሠራር የሚመስል ሰርኪዩት መሥራት ነበር፤ ጣት ማንበቡ ኋላ መጣ።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። እኔ በኧርዙ ነገር ተደስቼ ላፕቶፑን ልከድን ስል እጇን አነሣች። «ጋሼ፣ ሳልጫነው ይጫናል ብለውኝ ነበር። በባትሪም ጭምር ብለዋል።» ብያለሁ። እኔ ረስቼው ነበር። «እንግዲያው አንድ በሽታ አይደለም፤ ሁለት ነው።»

የሥራዋ ውበት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። አንዱ ምክንያት ሲገኝ ሁሉን በእሱ ማላከክ እንዴት እንደሚያጓጓ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። እሷ ቻርጀሩን ነቅላ ከመጀመሪያው ጀመረች። የውጭ ማውስ ሰካችና ቀስቱ ለማውሱ በደንብ እንደሚታዘዝ አየች። በፍላሽ ሊኑክስ አስነሥታ ስትሞክረው ታችፓዱ አሁንም ራሱን ተጫነ፤ ዊንዶውስና ድራይቨሩ ነጻ ወጡ። ይህን ሁሉ ፈጥና አለፈችው። ከዚያ ላፕቶፑን መስታወት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ በሁለት ጣቷ ጥጉን ነካ አደረገችው። ተወዛወዘ። አራት እግር ያለው ነገር ደልዳላ መስታወት ላይ ሊወዛወዝ አይገባም። የኤቲኤም ካርዷን በጠርዙ ታችፓዱ ላይ አቁማ ከኋላው የስልኳን መብራት አበራች። በካርዱ ሥር በሁለቱ ዳር የብርሃን ክር ታየ፤ መሀሉ ጨለማ ነው። ታችፓዱ አብጧል። እሱን ከታች የሚገፋው ደግሞ ባትሪው ነው።

ካቻቢቴ የተነሣው አሁን ነው፤ ከገባሁ 25 ደቂቃ ገደማ ሆኖኛል።

በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ «ባለሙያ ናት» ሲባል ትዝ የሚለን ዶሮ ወጧ ነው። ላፕቶፑን ስትፈታ የእናቴ ዶሮ አበላለት ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ፤ ዐሥራ ሁለቱ ብልት እየተቆጠረ ሲወጣ፣ አንድ ሳይጎድል፣ አጥንት ሳይሰበር። ልጅቱ ነጭ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ጀርባ ንድፍ ሥላ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ላይ አኖረችው። ብሎኖቹ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ግን ሦስት ዓይነት ቁመት አላቸው፣ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ሌላ ጉዳት ያመጣል። ክዳኑ እንደተከፈተ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ አላቀቀች። ፍሌክስ የሚሉትን የታችፓዱን ጠፍጣፋ ገመድ አልጎተተችውም፤ ገመዱን የያዘውን ጥቁር መቆለፊያ በጥፍሯ ቀና አደረገችና ገመዱ ራሱ ለቀቀ። ጫፉን በአጉሊ መነጽር አይታ መልሳ አስገባችው።

ባትሪው እንደ ትራስ ተነፍቷል። ሊቲየም ባትሪ ሲጎዳ ውስጡ ጋዝ ያጠራቅማል፤ የተነፋውን መጫን፣ መብሳትና እንደገና ቻርጅ ማድረግ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በስል ነገር አልነካችውም፤ በጠፍጣፋ ፕላስቲክ ቀስ በቀስ አላቃ አሸዋ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠችው።

አዲስ ባትሪ ትሸጥልኛለች ብዬ ስጠብቅ ላፕቶፑን ያለ ባትሪ፣ ኧርዝ ባለው ሶኬት አስነሥታ ሰጠችኝ። «ግማሽ ሰዓት ይሥሩበት። ካልተጫነ ያኔ ይገዛሉ።» ሠራሁ። አንዴም አልተጫነ። የእኔን ገንዘብ ከማስወጣቷ በፊት ተጠርጣሪውን አስወጥታ ፍርዱን አረጋገጠች።

ሲገጠም ያየሁትን አንዲት ነገር ልናገርና ልጨርስ። እያንዳንዱን ብሎን ወደ ቀኝ ከማጥበቋ በፊት ወደ ግራ ታዞረዋለች፤ ብሎኑ የድሮ ጥርሱን አግኝቶ ጠቅ እስኪል። ከዚያ ነው የምታጠብቀው። እንዲያ ካልተደረገ ብሎኑ አዲስ ጥርስ ይቆርጥና ቀዳዳው ቀስ በቀስ ይላላል። ዐሥሩንም እንዲያ አደረገች፤ ማንም እየጠየቃት አልነበረም፣ ክዳኑም ከተዘጋ በኋላ ማንም አያየውም።

ያስከፈለችኝ የባትሪውንና የእጇን ነው፤ ታችፓዱ የቀድሞው ነው። ስወጣ አዳፕተሬን አንሥታ «ይሄንን ግን እኔ አልጠግነውም፣ ኤሌክትሪሻን ይጥሩ» አለችኝ። ቤቱ አሮጌ ነው፣ ኤሌክትሪሻኑም እስከ ዛሬ አልመጣም። ይህን የጻፍኩት ቻርጀሩን ነቅዬ ነው።