ጭቃ አይጠረብም

የተወደዳችሁ ወጣት ጸሐፍት፣ «እኔ ጭቃ ነኝ፤ ጌታ ሆይ፣ ቅረጸኝ» የሚል ስንኝ ጻፋችሁ እንበል። በኅብረታችን የግጥም ምሽት ብታነቡት ሁላችንም «አሜን» እንላለን። ጸሎቱ መልካም ነው። ግሱ ግን ከጭቃው ጋር ይጋጫል።

እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ሁለት ቃላት አሉት። «ካርቭ» እንጨትን ወይም ድንጋይን በመሮና በቢላ እየቀነሱ ቅርጽ ማውጣት ነው። «ሞልድ» ግን ለስላሳውን ነገር በእጅ እየጫኑ ማበጀት ነው። አዴሌድ ፖላርድ ከኤርምያስ 18 ተነሥታ የጻፈችውና እ.ኤ.አ. በ1907 የታተመው ዝነኛ መዝሙር የመረጠው ሁለተኛውን ነው። እኛ ስንተረጉም ሁለቱንም «መቅረጽ» ውስጥ እንከታቸዋለን።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ድንጋይ ጠራቢ መሮው ከሳተ፣ የወደቀውን ፍንካች መልሶ አይተክለውም። ሙሴ የሰበራቸው ጽላቶችም አልተጠገኑም፤ በዘጸአት 34 ሌሎች ሁለት እንዲጠርብ ታዘዘ። ኤርምያስ በሸክላ ሠሪው ቤት ያየው ግን ሌላ ነው። ዕቃው በሠሪው እጅ ተበላሸ፤ ጭቃው ግን አልተጣለም፤ ያው ጭቃ ሌላ ዕቃ ሆነ። የምዕራፉ ተስፋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጭቃውን «ቅረጸኝ» ስናሰኘው ይህን ተስፋ ከግጥሙ እናወጣዋለን።

«መቅረጽ» በራሱ ጥፋት የለበትም። ጌታ ከእናንተ ላይ ስለሚያነሣው ትዕቢት ለመጻፍ ከፈለጋችሁ መሮው ትክክለኛ ሥዕል ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለቱ የወጡት በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነው። እንዲያ ከሆነ ግን ጭቃውን ተዉትና ድንጋይ ሁኑ።

ለጭቃም ቢሆን አማርኛችን ድሃ አይደለም፦ «አቡካኝ»፣ «ለውሰኝ»፣ «አብጀኝ» አለን። ነባሩ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በዘፍጥረት 2 ሰው ከአፈር መሠራቱን ሲነግረን «አበጀ» የሚለውን ግስ ይጠቀማል።

በሚቀጥለው የግጥም ምሽት ከአድማጮቻችሁ መካከል ባለፈው ሳምንት የወደቀ ይኖር ይሆናል። «የተፈነከተ ድንጋይ ነህ» ትሉታላችሁ ወይስ «በሠሪው እጅ ያለህ እርጥብ ጭቃ ነህ»? ግሳችሁን ስትመርጡ እርሱን አስቡ።