ማዕበሉ ምሳሌ ከመሆኑ በፊት
(የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን እንደ ሥነ ጽሑፍ ማንበብ)

ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና ስትወርዱ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖልን ምስል ታገኛላችሁ። ዋናው መድፍ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ነው። ስሙ የመጣው ግን ከባሕር ነው፤ ሴባስቶፖል በክሪሚያ ጦርነት የተከበበች የጥቁር ባሕር ወደብ ናት። እኛ ዘንድ ስሙ ባሕሩን ጥሎ መድፍ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ቃል ሲለመድ የመጣበትን ይረሳል።

በወጣት ኅብረቶቻችን ግጥሞችና ድራማዎች ውስጥ «መርከብ»፣ «ማዕበል» እና «መልሕቅ» የሚሉት ቃላት ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶባቸዋል። መርከብ ሲባል ሕይወት፣ ማዕበል ሲባል ፈተና መሆኑን አድማጩ ገና ስንኙ ሳያልቅ ያውቀዋል። ምሳሌው በራሱ ስሕተት የለበትም፤ የዕብራውያን መልእክትም ተስፋን በመልሕቅ መስሏል። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ በግጥሞቻችን መርከብ ውስጥ ሰው አይኖርም። የሚበላ፣ የሚርበው፣ ገመድ የሚጎትት፣ ሌሊቱን የሚቆጥር የለም። እንዲህ ያለው መርከብ ቢሰጥም ማንም አይሞትም፤ ቢድንም ማንም አይድንም።

እስቲ ከዚህ አንጻር የሉቃስን ጽሑፍ እንመልከት። ምዕራፉ የሚጀምረው በጉዞ ዝርዝር ነው። ጳውሎስና ሌሎች እስረኞች ለመቶ አለቃው ለዩልዮስ ተሰጥተው በአንድ መርከብ ይነሣሉ፤ ሙራ ሲደርሱ ወደ ኢጣልያ የሚሄድ የእስክንድርያ መርከብ ተገኝቶ ወደዚያ ይዛወራሉ። ስንዴ የጫነ መርከብ ነው፤ በላዩ 276 ነፍስ አለ። እስረኛ፣ ወታደር፣ መርከበኛና ባለ መርከብ በአንድ ጣሪያ ሥር ለመኖር ይገደዳሉ። ማን እንደሚታዘዝና የማን ምክር እንደሚሰማ ገና አልለየም። በቀርጤስ መልካም ወደብ ላይ ጳውሎስ አደጋውን ሲናገር የመቶ አለቃው ከእስረኛው ይልቅ የመሪውንና የባለ መርከቡን ቃል ያምናል። እኛ የመጨረሻውን ስለምናውቅ እንፈርድበታለን እንጂ በቦታው ብንሆን አብዛኞቻችን እንደ እርሱ እናደርግ ነበር። ሉቃስም አይሰድበውም፤ የሆነውን ብቻ ይነግረናል። ትንሽ የደቡብ ነፋስ ሲነፍስ ያሰቡት የተሳካ መሰላቸው፤ ከዚያ ዐውሎው መጣ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስታነቡ ግሦቹን ቁጠሩ። ታንኳይቱን ይጎትታሉ፤ መርከቡን በገመድ ያስታጥቃሉ፤ ጭነት ይጥላሉ፤ በሦስተኛው ቀን የመርከቡን ዕቃ በገዛ እጃቸው ይወረውራሉ። በዐሥራ አራተኛው ሌሊት የባሕሩን ጥልቀት ሲለኩ መጀመሪያ ወደ 36 ሜትር፣ ጥቂት አልፈው ወደ 27 ሜትር ያገኛሉ። የብስ መቅረቡን አንባቢው የሚያውቀው በቁጥሩ መቀነስ ነው። ፍርሃት የሚለው ቃል ከዚህ በላይ ምን ሊጨምር ይችላል? አራት መልሕቅ ከኋላ ጥለው እንዲነጋ ይመኛሉ።

ሉቃስ መርከበኛ አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ስሚዝ ግን በሸራ ጀልባ ብዙ የተጓዘ ሰው ነበር። በማልታ ክረምቱን አሳልፎ፣ ነፋሱንና የባሕሩን ጥልቀት ከምዕራፉ ጋር አስተያይቶ በ1848 እ.ኤ.አ. አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የደረሰበት ድምዳሜ ለጸሐፊ ሁሉ ትምህርት አለው፤ ጸሐፊው የባሕር ባለሙያ አይደለም፣ ነገር ግን በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ስለዚህ «እኛ ደገኞች ነን፤ ባሕር አናውቅም» የሚለው ሰበብ አይሆነንም። በጣና ላይ በደንገል ታንኳ እንጨት የሚያመላልሰውን ሰው ቀርቦ ያየ ወጣት ስለ ውኃ የሚጽፈው አለው። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችም የመርከቡን ትንሽ ጀልባ ታንኳ ብለው የእኛን ቃል ሰጥተዋታል።

ሉቃስ የሚተርከው «እኛ» እያለ ነው። ፀሐይና ከዋክብት ለብዙ ቀን ሳይታዩ ቀርተው የመዳን ተስፋ ሲቆረጥ፣ ተስፋ ከቆረጡት መካከል ራሱን አያወጣም። የእኛ ግጥሞች ብዙ ጊዜ ከዳር ቆመው «አይዞህ» ይላሉ፤ ሉቃስ ግን ከውስጥ ሆኖ ነው የሚጽፈው። ጳውሎስ የመልአኩን ቃል የሚናገረው እንደ እነርሱ ለተራበና ለረጠበ ሕዝብ ነው። ከዚያ እንጀራ ይዞ፣ በሁሉ ፊት አመስግኖ፣ ቆርሶ ይበላል፤ እነርሱም ተጽናንተው ይበላሉ። የምዕራፉ እምነት በዚያ ማዕድ ላይ ይታያል።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ጽሑፍ ውበት ብቻ አይደለም። መርከበኞቹ ወደ ስርቲስ እንዳይወድቁ ፈርተው ነበር። ስርቲስ በሊቢያ ጠረፍ ያለ አሸዋማ ባሕር ነው። በዚያው ጠረፍ ዛሬም የእኛ ልጆች ጀልባ ይጠብቃሉ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ በእምነታቸው ምክንያት ከተገደሉት ኢትዮጵያውያን መካከል ያንን ባሕር ተሻግረው አውሮፓ ለመድረስ የተነሡ ነበሩ። በጉባኤያችን ወንድሟ ከሊቢያ ደውሎ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የጠፋባት እኅት ልትኖር ትችላለች። በእርሷ ፊት ቆመን ስለ ማዕበል ስንዘምርና ስንገጥም ቃሉ ለእርሷ ምሳሌ አይደለም።

በዚህ ምክንያት የታንኳይቱ ትዕይንት በጥንቃቄ መነበብ አለበት። መርከበኞቹ መልሕቅ የሚጥሉ መስለው በታንኳ ሊሸሹ ሲሞክሩ ጳውሎስ ያስቆማቸዋል፤ ወታደሮቹም ገመዱን ይቈርጣሉ። ይህ ክፍል አገር ጥሎ በሚሄድ ወጣት ላይ ሲሰበክ ይሰማል። ጽሑፉ ግን ይህን አይልም። ሊሸሹ የነበሩት ሙያ ያላቸው ናቸው፤ የሚተዉት ደግሞ መርከብ መምራት የማይችሉትን ነው። ጥያቄው የሚቀርበው ለደካማው ሳይሆን፣ መሪውን መያዝ እየቻለ ለሌላው መልሕቅ የሚጥል ለሚመስለው ነው። በኅብረታችን ይህ ማን እንደሆነ መጠየቅ ተሰዳጁን ከመውቀስ ይከብዳል።

እንግዲህ በቀጣዩ የንባብ ምሽታችሁ ምዕራፉን ካርታ ዘርግታችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ከዚያ የጻፋችሁትን ግጥም አውጡና መርከባችሁ ላይ ስንት ሰው እንዳለ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ገመዱን ማን እንደያዘ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ማዕበሉን ሰርዙትና የምታውቁትን ጻፉ፤ የኪራይ ቤቱን፣ የታክሲውን ሰልፍ፣ የማይነሣውን ስልክ። እግዚአብሔር እዚያም አለ።

በመጨረሻ መርከቡ ተሰበረ፤ 276ቱ ግን በሙሉ ወደ ምድር ደረሱ። መዋኘት የሚችሉት ዋኙ፤ የቀሩት በሳንቃና በመርከቡ ስብርባሪ ላይ ሆነው ወጡ። ሉቃስ ሳንቃዎቹን እንኳ ሳይረሳ ጽፏል።