ቀለም የጎደለው ልቦለድ

በሽታ፣ ረሃብና ጦርነት የሌለበት ከተማ አስቡ። ምግብ ተሠርቶ ቤት ድረስ ይመጣል። ልጆች 9 ዓመት ሲሆናቸው ብስክሌት ያገኛሉ፤ 12 ሲሆናቸው ሽማግሌዎች ሙያ ይመድቡላቸዋል። የአሜሪካዊቷ ደራሲ የሎይስ ላውሪ «ዘ ጊቨር» («ሰጪው» እንደማለት ነው) የሚጀምረው እንዲህ ነው። «ታዲያ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። ወጥመዱ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ታትሞ በማግስቱ ዓመት የኒውቤሪ ሜዳሊያን ያገኘው ይህ ልቦለድ ዲስቶፒያ ነው፤ ያማረ መስሎ ውስጡ የተበላሸ ዓለም ታሪክ። ብዙዎቹ ዲስቶፒያዎች ገና ከመጀመሪያው ገጽ ጭስና ፍርስራሽ ያሳዩናል። ይሄኛው አይቸኩልም።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ጆናስ ከጓደኛው ጋር ፖም ሲወራወር ፖሙ አየር ላይ ለቅጽበት «ይለወጣል»። ምኑ እንደተለወጠ አያውቅም። ደንቡን ጥሶ ፖሙን ወደ ቤት ይወስደውና በአጉሊ መነጽር ይመረምረዋል። ሳይንቲስት ከዚህ ሌላ ምን ያደርጋል?

መልሱን የምናገኘው 23 ምዕራፎች ካሉት መጽሐፍ በ12ኛው ላይ ነው፦ ፖሙ ቀይ ነበር። የከተማው ሰው ቀለም አያይም! ደራሲዋ እስከዚያ ድረስ የቀለም ስሞችን ትታ ስትጽፍ እኛ ግን ሣሩን አረንጓዴ አድርገን እናነብ ነበር። አንጎላችን የጎደለውን ራሱ ይሞላልና። በእያንዳንዱ ዓይናችን ላይ ብርሃን የማይቀበል ዕውር ነጥብ አለ፤ እሱንም በዚያው ዘዴ ሸፍኖልን እንኖራለን።

ሳይንሱ ግን ሁሉም ቦታ አይጠነክርም። ትዝታ ጀርባን በመንካት ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ተረት ነው፤ እሱን እለፉት። ቀለም አለማየቱ ግን ያከራክራል። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው የፒንግላፕ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1775 ገደማ ከባድ አውሎ ነፋስ 20 ያህል ሰው ብቻ አስቀርቶ ነበር። ከተረፉት በአንዱ ውስጥ የነበረው የዘረመል ለውጥ በትውልዶች ተሰራጭቶ፣ ዛሬ ከደሴቱ ሰዎች ጥቂት የማይባሉት ምንም ቀለም አያዩም። በሌላው ዓለም ይህ ከ30,000 ሰው አንዱን ቢያጋጥም ነው። ግን እነዚህ ሰዎች የቀን ብርሃን ዓይናቸውን ይወጋቸዋል፤ ጥቃቅን ነገር መለየትም ይቸግራቸዋል። የጆናስ ጎረቤቶች ግን በቀን ብርሃን እንደ ልባቸው ናቸው። ላውሪ ይህን ዋጋ አላስከፈለቻቸውም፤ እንደ ሳይንስ አንባቢ ቅር የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። ያም ሆኖ፣ የዘረመል ባለሙያዎቹ ሥራቸውን እንዳልጨረሱና የፊዮና ቀይ ጸጉር አምልጧቸው እንደቀረ መጻፏ ተመችቶኛል።

ከቀለሙ ይልቅ የሚያስፈራው አንድ ቃል ነው። ከተማው ቋንቋን በትክክል ተጠቀሙ እያለ ሕፃናትን ይቀጣል። ሽማግሌዎችና ደካማ ጨቅላዎች ግን «ይሰናበታሉ» ይባላል። የት እንደሚሄዱ ማንም አይጠይቅም፤ እናንተም መጀመሪያ ላይ አትጠይቁም። ጆናስ የስንብቱን ቪዲዮ የሚያይበትን ምዕራፍ ሌሊት ብቻችሁን ባታነቡት ይሻላል፤ የሚያስደነግጠው ቪዲዮው ውስጥ የሚሠራው ሰው እርጋታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ፊልም ሆኖ ወጥቷል፤ ግን ገና ሲከፈት ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ምስጢሩን ቀድሞ ያወጣዋል። መጽሐፉን አስቀድሙ። ስትጨርሱ ወደ ምዕራፍ 1 ተመለሱና የጆናስ ብስክሌት ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ፈልጉ።