ቁርጡን ንገረኝ

መስከረም ላይ ነፋስ መውጫ ወዳለው ትምህርት ቤታችን አዲስ የእንግሊዝኛ መምህር መጣ። ገና ሻንጣውን በቅጡ ሳይፈታ «መምህር፣ ካት የሚለውን ቃል በስንት ትርጉም ላስተምረው?» አለኝ። ደብተሩ ላይ 14 ቆጥሮ ጽፏል።

«በአንድ» አልሁት። ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድሁም።

ለትርጉም ቁጥር እየሰጡ ማስሸምደድ ዕድሜ ልኬን የተጣላሁት ዘዴ ነው። ተማሪዎቻችን እኮ የካትን አቻ፣ ቆረጠን፣ ማንም ሳይዘረዝርላቸው ያውቁታል። የደብረ ታቦር ትኬት ይቆርጣሉ፤ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፤ ሽማግሌዎች የሠርግ ቀን ሲቆርጡ ሰምተዋል፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው አይተዋል፤ ወሬ ቆርጦ ቀጥል ጎረቤትም አያጡም። በሁሉም ውስጥ አንድ ስለት ያልፋል፤ ካለፈ ወዲያ መመለሻ የለም። ቀን ከተቆረጠ ጠላው ይጠነሰሳል። ትኬቱም ከጥራዙ ከተገነጠለ ተመልሶ አይሰፋም። ቆራጥ የሚባለው መመለሻውን ራሱ የቆረጠ ነው። «ቁርጥ አባቱን» የሚለው ብዙ ጊዜ አስቸግሮኛል። አሁን ከአባቱ ላይ ተቆርጦ የወጣ ማለት ነው እላለሁ፤ የሚሟገተኝ ካለ ይምጣ።

ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው ቃላትን በግሳቸው ሥር ሰብስበው ያስቀመጡት ያለ ነገር አይደለም። ቤተሰብ አይበተንም። ባዕድም አይገባም፦ አዲሱ መምህር ቁርጥማትን ከቁርጠት ጋር ሊያዛምድልኝ ሞክሮ ነበር። የለም! ቁርጥማት የቆረጠመ ልጅ ነው፤ አጥንትን እንደ ቆሎ የሚቆረጥም በሽታ።

ካትንም በዚሁ መንገድ አስገባዋለሁ። ሾርትካት አቋራጭ ነው፤ ደመወዝ በሁለቱም ቋንቋ ይቆረጣል። የማይገጥመው ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። እንግሊዝ መብራቱን ይቆርጣል፤ የእኛ መብራት እንደ ከብት ይጠፋል።

አዲሱ መምህር ሰነፍ አይደለም፤ በአንድምታ መጣብኝ። «አባቶችስ አንድም፣ አንድም እያሉ ይዘረዝሩ የለም ወይ?» አለ። እንደ ቤተ ልሔምና ዙር አምባ ያሉ የአብነት ትምህርት ቤቶች ባሉበት በጋይንት ምድር ይህን መጠየቅ ድፍረት ነው፤ ወድጄለታለሁ። አዎ፣ ይዘረዝራሉ። ግን ስንት አንድም ቢደረደር የሚፈታው ያው አንዱ ንባብ ነው። የእሱ 14 ትርጉም መመለሻ ቤት የለውም።

ይህን ግትርነት ከየት እንዳመጣሁት አልነገርሁትም። በሰባት ዓመቴ አባቴ ወይፈን ሊሸጥ አርብ ገበያ ወሰደኝ። ነጋዴው የወይፈኑን ጀርባ እየዳሰሰ «ቁርጡን ንገረኝ» አለው። እዚያው ሊቆርጡት ነው ብዬ ጅራቱን ይዤ አለቀስሁ። ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። አባቴ ጎንበስ ብሎ «ቢላ የለም ልጄ፤ ከዚህ ወዲያ የማይቀነሰውን ዋጋ ነው» አለኝ። የመጀመሪያው የቋንቋ መምህሬ እሱ ነው፤ ፊደል አልቆጠረም።

ኋላ ሲያረጅ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ወሰድሁት። ሐኪሙ ለብቻዬ አነጋገረኝ። ስወጣ አግዳሚው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል።

«ቁርጡን ንገረኝ» አለ።

ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ዛሬስ ጅራት ይዘህ አታለቅስም?» አለኝ።

በማግስቱ ማለዳ መናኸሪያ ሄጄ የሁለት ሰው ትኬት ቆረጥሁ።